የኡግሊያንካ መዳብ

ኡግሊያንካ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1982

ውድ ቫሌሪያን ኢግናትዬቪች፣

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኔ ደህና ነኝ። ምድጃዬም፣ ድመቴም፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጎመኔም ደህና ናቸው። ደብዳቤዎ ሃያ ሦስት ቀን በመንገድ ቆይቶ ትናንት ደረሰኝ። ገጹን ሙሉ አንብቤ ስለ ሳንቲም አንድ ቃል አጣሁበት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርገው አያውቁም። በምትኩ «እዚያ ሰላም ነው ወይ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ መሀል ላይ፣ አንዴም ከፊርማዎ በታች። በሳይቤሪያ ጦርነት ተነሣ ብሎ ሬዲዮ ነገረዎት እንዴ?

ሰላም ነበር፤ እስከ ሐሙስ።

ሐሙስ ዕለት ከወረዳው የባህል ክፍል አንድ ሰው መጣ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ቦርሳው ከስሙ ስለሚገዝፍ ግን «ባለ ቦርሳው» ብዬዋለሁ። ቦት ጫማውን ሳያወልቅ በረዶውን ምንጣፌ ላይ እያራገፈ ገባ። ሆኖም ሻይ ቀዳሁለት።

«ካፒቶሊና ሳቫቴዬቭና፣ አርባ አንዱን የሳይቤሪያ መዳብ ሳንቲምዎን ለክፍለ ሀገሩ ኤግዚቢሽን በፈቃድዎ እንደሚለግሱ ሰምተን በጣም ደስ ብሎናል» አለኝ።

«ከማን ሰማችሁ? እኔ ራሴ ገና አልሰማሁም» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ትልቋን ሳንቲም፣ አሥር ኮፔኳን፣ ያችን እርስዎ ዘወትር የሚለምኑኝን፣ አንሥቶ በእጅጌው ያሻት ጀመር። «በጥርስ ዱቄት ብትታሽ እንደ አዲስ ታበራ ነበር» አይልም መሰለዎት! መዳቡ ያንን የደረቀ ቡናማ ቀለም ለማግኘት ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል፤ እሱ በጥርስ ዱቄት ሊጠርገው! እጁን በሻይ ማንኪያ መታሁት። አዎ፣ መታሁት። አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪ መትቼ አላውቅም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሳንቲሞቹ አርባ አንድ መሆናቸውን ያውቃል። አንዷ ሁለት ኮፔክ ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ እንዳለም ያውቃል። ያቺን ጠባሳ ከእርስዎ በቀር ለማንም አሳይቼ አላውቅም። እርስዎም ቢሆኑ ያዩት በእርሳስ ቅጂ ነው። እንደ ልማዳችን ሳንቲሞቹን ወረቀት አልብሼ፣ በእርሳስ አሽቼ መልካቸውን ያወጣሁልዎ አርባ አንዱ ቅጂ አሁን የት ነው ያለው? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ
ካፒቶሊና


ሪቢንስክ፣ ማርች 4 ቀን 1982

የተከበሩ ካፒቶሊና ሳቫቴዬቭና፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቮልጋ አሁንም እንደ ድንጋይ ነው። ጉልበቴ ደረጃ አላስወርድ ብሎኝ፣ ለጥገና የሚመጡትን ሰዓቶች እንኳ ጎረቤት ነው የሚያቀብለኝ።

ስለ ቅጂዎቹ ጠይቀውኛል። ደህና ቦታ ናቸው፤ አያስቡ።

አሁን አንድ ነገር ልበልዎት፤ እባክዎ አይቆጡኝ። ይስጧቸው። መዳብ ነው፤ ወርቅ አይደለም። ኤግዚቢሽኑ ላይ ስምዎ በካርድ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ያዩታል። እምቢ ካሉ ግን «አየር ባየር ነጋዴ» የሚል ስም ይለጥፉብዎታል። ከሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበባችን አንድ ሰው እንዲህ ተብሎ ሰባት አልበም ወሰዱበት። ዛሬ የክብሪት ቀፎ እንኳ አይሰበስብም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል።

ጎመን በጤና ይባላል፣ ካፒቶሊና ሳቫቴዬቭና። የሰው አንገቱ አንድ ናት። አሥር ኮፔኳንም ከእንግዲህ አልለምንዎትም።

ቫሌሪያን


ኡግሊያንካ፣ ማርች 25 ቀን 1982

ቫሌሪያን ኢግናትዬቪች፣

ጎመን በጤና አሉኝ! ለእኔ ነው ስለ ጎመን የሚነግሩኝ? አሥር ኮፔኳን ያገኘኋት ከእትዬ ግሊኬሪያ የጎመን በርሜል ላይ ነው። ክዳኑን የሚጫነው ድንጋይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ተሸጉጣ ስልሳ ዓመት ኖራለች። ግሊኬሪያ ስትሰጠኝ «መምህርት፣ ከወደድሽው ውሰጂው፤ እኔ ሽክና ስባሪ አደርግበታለሁ» ነበር ያለችኝ።

እነዚህ ሳንቲሞች ከየት እንደመጡ ጽፌልዎት አላውቅም መሰለኝ። እርስዎ የሚጠይቁኝ ስለ ዓመተ ምሕረታቸውና ስለ ክብደታቸው ነበር። አሁን ስላልጠየቁኝ ልንገርዎት። የዚህ መንደር ቅድመ አያቶች ለሳንቲም ማተሚያው ፋብሪካ ከሰል የሚያከስሉ ጭሰኞች ነበሩ። ጫካውን አክስለው፣ ሳንባቸውን አክስለው፣ የድካማቸውን ዋጋ በዚያው በመዳቡ ይቀበሉ ነበር። የዚያ ዘመን ንግሥት ሳንቲሙ ከሳይቤሪያ እንዳይወጣ ስላዘዘች እዚሁ ቀረ። በየድንች ቦዩ፣ በየወለሉ ሥር፣ በየምድጃው ጥግ ተቀበረ። ልጅ ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ የሚጫንበትም እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች እያወጡ አመጡልኝ። አንዱንም ገዝቼ፣ አንዱንም ሸጬ አላውቅም። «መምህርት ዘንድ ይቀመጥ» እያሉ ነው የሰጡኝ።

ባለ ቦርሳው ሰኞ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር የደብተር ወረቀት አየሁ። ላዩ ላይም በሰማያዊ እርሳስ ያሸሁትን ቅጂ አየሁ። ተራው እርሳስ ከሱቃችን ጠፍቶ ሳለ ከአናጢው ከዛካር የተዋስኩት ሰማያዊ እርሳስ ነው።

በዓለም ላይ ሁለት ቅጂ ነው ያለው፣ ቫሌሪያን ኢግናትዬቪች። አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሰውየው እንደወጣ ከፍቼ አየሁት፤ አለ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ስለ ጉልበትዎ ግን አይጻፉልኝ።

ካፒቶሊና


ሪቢንስክ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1982

ካፒቶሊና ሳቫቴዬቭና፣

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ኖቬምበር ላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጠሩኝ። ስለ እርስዎ አልነበረም፤ አልበሞቹ ስለተወሰዱበት ስለዚያ ሰው ነበር። ቅጂዎችዎን ይዤ ሄድኩ። ማንም አምጣ አላለኝም! በራሴ ፈቃድ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ በጥሩ ካርቶን ውስጥ አድርጌ። እነዚህን ቢያዩ የእኛ ነገር ንግድ ሳይሆን ዕውቀት መሆኑን ይረዳሉ ብዬ ነበር። እንዲያውም የመጥረቢያዋን ጠባሳ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ኮርቼባት ነበር። እነሱ እኔን አላዩም፤ ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻዎን ነው ያዩት።

ከዚያ አንድ ወረቀት አመጡ። «ካፒቶሊና ዚሪያኖቫ አሮጌ ሳንቲም ትሸጣለች፤ እኔም ገዝቻለሁ» ይላል። እንዳልገዛሁ ነገርኳቸው። በመርከብ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ፈቃድ የሚጠባበቅ ልጅ እንዳለኝ አስታወሱኝ። ፈረምሁ። ልጄን ግን ምክንያት አላደርገውም፤ ስሙን ከማንሣታቸው በፊትም ብዕሩን አንሥቼ ነበር።

አሁን የማውቀውን ልንገርዎት፤ ለሜይ 28 መኪና እያዘጋጁ ነው። ወረቀቴን እንደ ማስፈራሪያ ይዘውታል። ሳንቲሞቹን ከሰጧቸው እንደማያወጡት ምለውልኛል። ስለዚህ አሁንም ይስጧቸው እላለሁ፤ አሁን እንኳ ደፍሬ እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ግን አልደፍርም።

ቫሌሪያን


ኡግሊያንካ፣ ጁን 3 ቀን 1982

ቫሌሪያን ኢግናትዬቪች፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ቀን እንጨት ፈለጥሁ። በአራተኛው ቀን ሰደብኩዎት፤ ድመቴ ሰምታለች። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የተባለው ለእርስዎ ነው። ቢያንስ ግን ቀኑን ነግረውኛል፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። በጣም ጠቀመኝ።

ሜይ 20 ቀን ሳጥኔን ከፍቼ፣ አርባ አንዱን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከሽማግሌው ፓራሞን ጀመርሁ። አጥሩ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«አባባ ፓራሞን፣ አምስት ኮፔክዎን አምጥቼልዎታለሁ» አልኩት።

«ሰርቀሽኝ ነበር እንዴ?»

«ጉድጓድ ሲቆፍሩ አግኝተው ራስዎ ነዎት የሰጡኝ። ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትጠብቂ ነበር?» ብሎ ተቆጣኝ። ግን ተቀበለኝ፤ ነክሶ አየውና ኪሱ ከተተው።

ኡስቲኒያን ያውቋታል፤ ስለ ምላሷ ብዙ ጽፌልዎታለሁ። በሩ ላይ ቆማ «መንግሥት ቢጠይቀኝስ?» አለችኝ።

«የአያቴ ነው በያቸው።»

«የአያቴ ነውኮ!»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

እንዲህ እያልኩ ከቤት ቤት ሄድኩ። አምስት ቀን ፈጀብኝ፤ አንዳንዱ ቤት ሻይ ሳልጠጣ አልለቀኝም አለ። እያንዳንዷ ከየት እንደመጣች አንድም አልረሳሁም። ልደብቅዎት አልፈልግም፤ መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩትን በገዛ እጄ በተንሁት። ምሽት ላይ ባዶውን ሳጥን እያየሁ «የማይረባ ነገር አደረግሽ፣ አሮጊት» አልኩ። ጠዋት ግን የቀሩትን ይዤ ወጣሁ።

በ28 መኪናው መጣ። ባለ ቦርሳው፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ደግሞም ቀይ ከፋይ የለበሰ ትልቅ ሳጥን። ከፋዩ ላይ አርባ አንድ ክብ ጎድጓዳ ተቆርጧል፤ ትልልቁ ከላይ፣ ትንንሹ ከታች። በእኔ ቅጂ ለክተው ነው የቆረጡት።

«የት አሉ?» አለ።

«ቤታቸው» አልኩት።

በየቤቱ ዞረ። ፓራሞን ጆሮ የለኝም አለው። እትዬ ግሊኬሪያ ግን በርሜሏን አሳየችው። «ይኸውልህ፣ ድንጋዩ ሥር ነው ያለችው፤ አውጣት። ጎመኔ ቢበላሽ ግን ክረምቱን ቦርሳህን ቀቅለን ነው የምንበላው» አለችው። ፎቶ አንሺው ሳቅ አፍኖት ወደ ጓሮ ሄደ። አንድ ሰው ሰጥቷል፤ የመጋዘን ጠባቂው ካርፕ። ሰባት ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም። ያ ሁሉ ቀይ ከፋይ በአንዲት ግማሽ ኮፔክ ወደ ወረዳ ተመለሰ።

እንደጠበቅሁት አሁን የእርስዎን ወረቀት አወጡት። ሴፕቴምበር 3 በመንደሩ ክበብ አዳራሽ፣ የመንደሩ ሰዎች ዳኛ በሚሆኑበት የጓዶች ችሎት ፊት እቀርባለሁ። እዚያ ጥፋተኛ ካሉኝ ጉዳዩ ወደ ዋናው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ እስራት አለ። አልሸጥሁም ብል የሸጠ ሁሉ የሚለው ነው ይሉኛል። በእጃቸው ያለው አንድ ማስረጃ የእርስዎ ፊርማ ነው።

ምንም እንዲያደርጉልኝ አልለምንዎትም። ካፒቶሊና ዚሪያኖቫ በስልሳ አራት ዓመቷ ልመና አትጀምርም። ሆነም ቀረ፣ እዚያ የምቆመው አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

ካፒቶሊና


ኡግሊያንካ፣ ኦገስት 10 ቀን 1982

ቫሌሪያን ኢግናትዬቪች፣

ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ አራት መስመር ብቻ ላኩልኝ። እሱም ስለ አውቶቡስ! ይሁን፤ ለጠየቀ መመለስ የአስተማሪ ወጉ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወደ እኛ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው፤ የሚመለሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ከጣለ የለም። ሾፌሩ ስካር ከያዘውም የለም።

ጥቅል ሊልኩልኝ ከሆነ ይተዉት። የይቅርታ ሳንቲም አልቀበልም። እቤቴ ሳንቲም እንደማይቀመጥ ደግሞ አሁን ወረዳው ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ደህና ነን። የትምህርት ቤቱን የታሪክ ክፍል ቁልፍ ቀምተውኛል፤ ፎቶግራፌንም ከክብር ሰሌዳው ላይ አወረዱት። ቦታው ላይ ብዙ ወተት ሰጠች ብለው የአንዲት ላም ፎቶ ሰቅለዋል። ኡስቲኒያ «ካንቺ ይልቅ እሷ ታምራለች» አለችኝ። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እፈራለሁ። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ለእርስዎ ለምን እንደምነግርዎት አላውቅም፤ ልማድ ይሆናል።

ካፒቶሊና


ከባቡር ላይ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1982

የተከበሩ ካፒቶሊና ሳቫቴዬቭና፣

ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፤ ለጽሕፈቴ ይቅርታ።

ከመነሣቴ በፊት ልጄን ጠየቅሁት። «አባባ፣ ባሕሩ ቢቀርብኝ ቮልጋ አለ። ሂድ» አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። እርስዎን ከፊት አየሁዎት። በደብዳቤዎ ረጅም ሴት ነበሩ የሚመስሉኝ፤ አጭር ሆነው ሳገኝዎት ደነገጥሁ። አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሌ አጥንቼ መጥቼ ነበር፤ ስነሣ ሦስቱን ረሳኋቸው። አስፈላጊዎቹን ግን የተናገርኩ ይመስለኛል። ወረቀቱን አሳይተው «ይህ ፊርማ ያንተ አይደለም ወይ?» ሲሉኝ «ፊርማው የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን ውሸት ነው» አልኳቸው። በሐሰት በመመስከር እንደምጠየቅ ነገሩኝ። ልክ ናችሁ አልኳቸው።

ሳያናግሩኝ መሄድ የፈለግሁት እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት እስከ አውቶቡሱ ድረስ በጩኸት ተከተለችኝ፤ ኡስቲኒያ ሳትሆን አትቀርም። ዞሬ አላየሁም። ይቅርታ።

ቫሌሪያን


ኡግሊያንካ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1982

ቫሌሪያን፣

ከዛሬ ጀምሮ «አንተ» ነው የምልህ። እንዲህ የተናደድኩበትን ሰው «እርስዎ» ልለው አልችልም።

በመጀመሪያ ወሬውን ልንገርህ፤ አንተ ቸኩለህ ሮጠህ አልሰማኸውም። ችሎቱ እንደወጣህ ሩብ ሰዓት አልቆየም። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው፤ ሦስተኛው ዛካር ነው። «ያልተሸጠ ነገር ሻጭ የለውም» ብለው ፋይሉን ዘጉት። ባለ ቦርሳው ይግባኝ እላለሁ አለ። አዳራሹ በሙሉ «በል!» አለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እስካሁን አላለም። ቁልፌን አልመለሱልኝም። ላሟም አሁን ድረስ ሰሌዳው ላይ አለች።

ስለ አንተ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ጥሪ ቢመጣልህ ወዲያው ጻፍልኝ። መንደሩ በሙሉ የፈረመበት ወረቀት ዝግጁ ነው። ፓራሞን በጣት አሻራው ፈርሟል። ካርፕ እንኳ ፈርሟል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አራት ቀን ሙሉ በባቡር፣ በዚያ በማይረባ ጉልበትህ፣ መጣህ። በመቶ ሰው ፊት ቆመህ ውሸታም ነበርሁ አልህ። እኔ እንደሱ ማድረግ መቻሌን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ደግሞ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ፣ ፊቴን ሳታይ፣ አውቶቡስ ላይ ሮጠህ ወጣህ! ዐቃቤ ሕጉን አልፈራህም፤ እኔን ፈራህ። ኡስቲኒያ እየጮኸች የተከተለችህ እንጎቻ ልታሲዝህ ነበር። እንጎቻውን ይዛ ተመልሳ እኔኑ ሰደበችኝ።

ሰብሳቢ አይደለህም እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት በእርሳስ ቅጂ ያየሃቸው መዳቦች በሩ ላይ ደርሰህ አንዷን እንኳ በእጅህ ሳትይዝ ትሄዳለህ? ቀዩ ከፋይ ላይ ቢሆን ከመስታወት ወዲያ ነበር የምታያቸው። እዚህ አርባ በር ማንኳኳት ይኖርብሃል። በየበሩም ማን እንደሆንክ ትጠየቃለህ፤ ያደረግኸውንም በአፍህ ትናገራለህ። ግሊኬሪያ አሥር ኮፔኳን የምታሳይህ ድንጋዩን ራስህ ካነሣህላት ብቻ ነው፤ እንዲያ ብላለች።

ይቅር አላልኩህም። ይቅርታን በፖስታ አልልክም፤ መንገድ ላይ ሃያ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ሌላ ሰውም ይከፍተዋል። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ስድቤን ትሰማለህ፤ ቀጥሎ የምናየው ይሆናል።

ድንቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። አውቶቡሱን ታውቀዋለህ።

ና።

ካፒቶሊና